ጎማ ያለው ቤትና የመንገድ ጎረቤት

«እስካሁን ካያችሁት ሁሉ የትኛው ቦታ ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ በየሄድንበት ይቀርብልናል። ጠያቂዎቹ ግራንድ ካንየንን፣ የሎውስቶንን ወይም የዩታን ቀያይ ዓለቶች እንድንጠራላቸው ይጠብቃሉ፤ እኛም እነዚህን አይተናል፣ ውበታቸውም ከሚነገርላቸው አያንስም። ይሁን እንጂ መልስ መስጠት ስጀምር ነገሬ ሳላስበው ከቦታው ወደ ሰዎቹ ይሄዳል። ባለቤቴና እኔ ጡረታ ከወጣን ወዲህ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል በአሜሪካ መንገዶች ላይ በአርቪ እናሳልፋለን። በዚህ ኑሮ የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ይህን የጉዞ ዓይነት ከሌሎቹ የሚለየው የሚያገናኘን ሰው መሆኑ ነው፤ ይህም የሚሆነው ተጓዦቹ በተፈጥሯቸው ከሌላው ሰው የተሻሉ ስለሆኑ ሳይሆን ኑሮው ራሱ ሰውን ለሰው አስፈላጊ ስለሚያደርግ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ተሽከርካሪውን ማወቅ ይጠቅማል። አርቪ ማለት አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መታጠቢያና መጸዳጃ ያለው፣ በጎማ ላይ የቆመ ቤት ነው። የራሱ ሞተር ያለው አውቶቡስ የሚያክል አለ፤ በፒክአፕ የሚጎተት አለ፤ ከተራ ቫን ተለውጦ የተሠራም አለ። ትልቁም ሆነ ትንሹ ግን ራሱን ችሎ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ከሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ታንከሮች አሉት፤ አንዱ ንጹሕ ውኃ፣ ሁለተኛው የዕቃና የገላ እጣቢ፣ ሦስተኛው ደግሞ የመጸዳጃውን ፍሳሽ ይይዛል። ንጹሑ ሲያልቅ መቅዳት፣ ሌሎቹ ሲሞሉ ለዚሁ ወደተዘጋጀ ጉድጓድ በወፍራም ቱቦ መድፋት ግድ ነው። ኤሌክትሪኩ አርቪዎች ለማደር በሚቆሙበት ካምፕ ውስጥ ካለ ምሰሶ በ30 ወይም በ50 አምፔር ገመድ ይሳባል፤ ምድጃውና ማሞቂያው በፕሮፔን ጋዝ ይሠራሉ፤ በረሃ የሚያድር ሰው ደግሞ ሶላሩ በቀን የሰበሰበውን ለሌሊቱ ቆጥቦ ይጠቀማል። ሆቴል ያረፈ እንግዳ ይህ ሁሉ ከግድግዳው ጀርባ ስለሚያልቅለት ሊያስብበት አይገደድም። በአርቪ የሚሄድ ሰው ግን ውኃ ለመቅዳት ይሰለፋል፣ ፍሳሽ ለመድፋት ይሰለፋል፣ ጋዝ ለማስሞላት ተራ ይጠብቃል፤ ከፊቱና ከኋላው የቆሙትም ያው የእሱ ጉዳይ ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ትውውቁ የሚጀምረው እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። ጨዋታውም ከቱቦና ከመክደኛ ተነሥቶ፣ የቀጣዩ ጉዞ አቅጣጫ ላይ ደርሶ፣ ብዙ ጊዜ ልጆችና ሕመም ላይ ያርፋል።

ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያቀራርበው ግን ተሽከርካሪውን ወደ ኋላ አስገብቶ ማቆም ይመስለኛል። ተጎታች ይዞ ወደ ኋላ የነዳ ሰው እንደሚያውቀው፣ የተጎታቹን ጀርባ ወደ ግራ ለመላክ መሪውን ወደ ቀኝ ማዞር ያስፈልጋል፤ አእምሮ ይህን ቶሎ አይለምደውም፣ በተለይ ሲመሽና ቦታው በዛፎች መካከል ሲሆን። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አንድ ምሽት፣ ነፋሱ እያየለ ካምፕ ስንደርስ፣ ከጎናችን ከቆመው አሮጌ ተጎታች አንድ ሽማግሌ የእጅ ባትሪ ይዘው ወጡ። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ ከኋላችን በሹፌሩ በኩል ሄደው ቆሙና «በመስታወቱ እኔን ማየት ካቃታችሁ ወዲያው አቁሙ» አሉን። ከዚያ ባትሪያቸውን ወደ ላይ አንሥተው ከጣሪያችን በላይ የተንጠለጠለውን ቅርንጫፍ አሳዩን፤ ዝቅ አድርገው የኤሌክትሪኩን ምሰሶ አበሩልን፤ በእጃቸው «ትንሽ፣ ትንሽ፣ በቃ» እያሉም አስገቡን። ሥራው ያለቀ መስሎን ስናመሰግናቸው እሳቸው ገና አልጨረሱም ነበር። ውኃ ልክ አምጥተው ወለላችን ላይ አስቀመጡና አረፋው ከመሃል ሸሽቶ ሲያዩ፣ ወደ ፊት አስወጥተው በቀኙ ጎማ ሥር ጣውላ አስገቡ፤ ጣውላው ሲያንስ ሌላ ደረቡበት። እንዲህ የሚያደርጉበትን ምክንያት የነገሩን ታኮውን እየመቱ ነበር፤ በጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ቤቱ ካዘመመ ፈሳሹ በቧንቧዎቹ ውስጥ በትክክል ስለማይዞር ማቀዝቀዝ ያቆማል፣ ጨርሶም ሊበላሽ ይችላል።

ስማቸውን የጠየቅነው በማግሥቱ ነው። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት ያሳለፉ፣ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን የሚጓዙ ሰው ነበሩ። «ተኝቼ ነበር፤ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ፊት ስትወጡ ሰምቼ ተነሣሁ» አሉን። ከአልጋ ተነሥቶ፣ ጫማ አጥልቆ፣ በነፋስ ውስጥ ለማያውቀው ሰው መቆም ለእሳቸው ተራ ነገር ነበር፤ ለእኔ ግን አይደለም። ለዓመታት በአንድ ሕንፃ ውስጥ ስንኖር በር ለበር ተገጣጥመን ስሙን ያላወቅነው ሰው ብዙ ነበር፤ አንዳችን ሌላውን የሚያስፈልገን ነገር ስላልነበረ ግድግዳው ይበቃን ነበር።

ጠባብነቱም የራሱ አስተዋጽኦ አለው። እቤት ውስጥ ሁለት ሰው መተላለፍ የሚችለው አንዱ ሲቀመጥ ከሆነ፣ ኑሮ ወደ ውጭ መውጣቱ የማይቀር ነው። ወንበሩ ከበሩ ፊት ለፊት ይዘረጋል፤ ምግቡ እዚያ ይበላል፤ ውሻ ያለው ሰው አመሻሹ ላይ ካምፑን ሲዞር በየወንበሩ ይቆማል። ሕጉ ባይጻፍም ሁሉም ያውቀዋል፦ ወንበሩን ወደ መንገዱ አዙሮ የተቀመጠ ሰው ሰላምታ አይከፋውም፣ መጋረጃውን የዘጋውን ግን አታንኳኳበትም። የተጻፈ ሕግም አለ፤ በአብዛኞቹ ካምፖች ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድምፅ አይሰማም፣ ጄኔሬተርም አይነሣም። ይህን ልክ መጠበቅ ለትውውቁ እንቅፋት የሚሆን የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል፤ ሰው በሩን ሳይሠጋ የሚከፍተው መዝጋት እንደሚችል ሲያውቅ ነው።

የዚህ ኑሮ ትልቁን ጉባኤ ማየት የሚፈልግ ሰው በጥር ወር ወደ ኳርትዝሳይት ይሂድ። ኳርትዝሳይት በአሪዞና ምዕራባዊ ጫፍ፣ ወደ ካሊፎርኒያ በሚወስደው በ10 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ያለች፣ ጥቂት ሺህ ነዋሪዎች ብቻ ያሏት የበረሃ ከተማ ናት። በክረምት ግን ከካናዳና ከሰሜን ግዛቶች በረዶውን ሸሽተው የሚመጡ መንገደኞች በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። በዙሪያዋ ያለው ሰፊ መሬት የፌደራል መንግሥት ሲሆን የሚያስተዳድረውም የመሬት አስተዳደር ቢሮው ነው። እንዲህ ባለው መሬት ላይ በተለመደው ደንብ በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መስፈር አይፈቀድም፤ ነገር ግን ቢሮው እ.ኤ.አ. በ1983 ለክረምት ሰፋሪዎች ልዩ ቦታዎችን ከልሎ፣ ከመስከረም 15 እስከ ሚያዝያ 15 ድረስ በአንድ ፈቃድ መቆየት እንዲቻል አድርጓል። (እነዚህ ቀኖችና ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ወሮችና ዓመቶችም በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አጥር የለም፣ ቁጥር የተሰጠው ቦታም የለም፤ ጠጠሩ ላይ ደስ ባለህ አቅጣጫ ትቆማለህ። አንድ ሰው ካርቶን ላይ ጽፎ በሩ ላይ የሚሰቅለው ማስታወቂያ ጎረቤቶቹን ይሰበስባል፤ አንዷ ልብስ ትጠግናለች፣ አንዱ ባትሪ እንዴት ከሶላር ጋር እንደሚያያዝ ያስተምራል፣ ሌላው ጸጉር ይቆርጣል። እኛ ሶላራችንን የገጠምነው በዚያ መንገድ ነው፤ በሕይወቱ ሙሉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረ አንድ ካናዳዊ፣ ሽቦው ቀጭን ከሆነ ኃይሉ ወደ ሙቀት እየተለወጠ መንገድ ላይ እንደሚቀር በእጄ አስነክቶ አሳየኝ፤ የለካውን ቮልቴጅ በእርሳስ የጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አሁንም ባትሪው ሳጥን ክዳን ላይ ተለጥፎ አለ።

እዚያው ከተማ መቃብር ውስጥ በድንጋይ የተገነባ ትንሽ ፒራሚድ አለ፤ ከጫፉ ላይ የግመል ምስል ቆሟል። የተቀበረው ሰው ሐጂ አሊ ይባላል፤ አሜሪካውያኑ ግን ሃይ ጆሊ ነው የሚሉት። በ1850ዎቹ የአሜሪካ ጦር በደቡብ ምዕራቡ በረሃ ጭነት የሚያመላልሱ ግመሎችን ከኦቶማን ግዛት ሲያስመጣ፣ እሱም ግመል ነጂ ሆኖ በ1856 አብሮ መጣ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣ የግመሉ ዕቅድ ተተወ፤ ሰውየው ግን አልተመለሰም፣ በ1902 እዚሁ ሞተ፤ ሐውልቱ የተሠራለት በ1935 ነው። ከባሕር ማዶ የመጣሁ ሰው እንደመሆኔ በዚያ መቃብር ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ቆሜያለሁ። ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛ፣ ዛሬ መንገደኞች ከየአቅጣጫው በሚሰበሰቡበት ስፍራ መቀበሩ ለእኔ ከፍ ያለ ትርጉም አለው።

ስለ ኳርትዝሳይት ስናወራ ግን ሁሉም ሰው ወዶ የመጣ አድርጎ መናገር ትክክል አይደለም። ዋጋው ቤት የሚገዛ አርቪ ያላቸው ሰዎች ውኃ ለመቅዳት ሲቆሙ፣ ከኋላቸው የምትቆመው ሴት የቤት ኪራይ አቅቷት በቫን ውስጥ የምትኖር ልትሆን ትችላለች። ሰልፉ አንድ ነው፤ ከሰልፉ በኋላ ያለው ኑሮ ግን አንድ አይደለም። መንገድ ሰውን እኩል ያደርጋል የሚሉ ተጓዦች አሉ፤ እኔ አልስማማም። በየመከሩ ወቅት ወደ ሚኒሶታና ወደ ሰሜን ዳኮታ፣ ወደ ሬድ ሪቨር ሸለቆ፣ ለስኳር ድንች ሳይሆን ስኳር ለሚወጣው ሥር፣ ለሹገር ቢት ምርት የሚሄዱ ብዙ የአርቪ ነዋሪዎች አሉ። ሥራው በጥቅምት መጀመሪያ ይጀምራል፤ አንዱ ፈረቃ 12 ሰዓት ሙሉ ይፈጃል፤ ሌሊትም በብርድ ይሠራል። አብረውን ከሰፈሩት መካከል ሁለቱም ከ60 ዓመት ያለፉ ባልና ሚስት በየዓመቱ እዚያ ይሄዱ ነበር። ሴትየዋ ስለ ሥራው ስትነግረኝ እጇን ዘርግታ የጣቶቿን መገጣጠሚያዎች አሳየችኝ፤ አብጠዋል። «የምናገኘው የክረምቱን ወጪ ይሸፍንልናል» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ከእንደዚህ ዓይነት ሰው ጋር ከተቀመጥኩ በኋላ ይህን ኑሮ በጥቅሉ ነፃነት ብሎ መጥራት ከበደኝ። ለእኔ ነፃነት ነው፣ ምክንያቱም ማቆም እችላለሁ። ለእነሱ ደግሞ ያለ አማራጭ የተገኘ፣ ነገር ግን በክብር የሚኖሩበት ኑሮ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት በደል ይመስለኛል።

በሁሉም ቦታ በአንድ ዓይን ታይተናል ማለትም አልችልም። ሰላምታችን ያልተመለሰበት ካምፕ አለ፤ ከፊታችን ያለፉት ሳይጠየቁ እኛ ብቻ የተሽከርካሪያችንን ወረቀት እንድናሳይ የተደረግንበትም አለ። በእነዚያ ቦታዎች አደርን፣ ጠዋት ወጣን። ስለ እነሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

በአነጋገራችን የውጭ ሰው መሆናችንን የሚለዩ ሰዎች ከየት እንደመጣን ይጠይቁናል፤ ኢትዮጵያ ስንል የሚከተለው ጨዋታ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። አንድ ጊዜ ግን የተለየ ሆነ። ያ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም አካል ያለው ኤርስትሪም የተባለ ተጎታች የነበራቸው ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት፣ አገራችንን ስንጠራ እርስ በርሳቸው ተያዩና፣ ሴትየዋ ወደ ውስጥ ገብተው በፍሬም የተያዘ ፎቶግራፍ ይዘው ወጡ። ከጊዛ ፒራሚዶች ፊት ተሰልፈው የቆሙ ተጎታች ቤቶች ነበሩ። ታሪኩን የሰማሁት ያን ቀን ነው። የኤርስትሪም መሥራች ዋሊ ባያም በ1959 ከ41 ተጎታቾች ጋር ከኬፕ ታውን ተነሥቶ፣ አፍሪካን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ በ1960 ካይሮ የገባ ጉዞ መርቷል። ጉዞው ኢትዮጵያንም ያቋረጠ ሲሆን አፄ ኃይለ ሥላሴ መንገደኞቹን ተቀብለው አነጋግረዋቸዋል። አስፋልት ባልነበረው መንገድ አክስል እየተሰበረ፣ ጎማ እየፈነዳ፣ ተሽከርካሪ ከጭቃ እየተጎተተ ያለፉት ሰዎች አብዛኞቹ ጡረተኞች ነበሩ።

ባልየው የዚያ ጉዞ ተካፋይ አልነበሩም፤ ነገር ግን ተካፋይ የነበሩ ሰዎችን በወጣትነታቸው ያውቁ ነበርና የሰሙትን ነገሩን። ከሚያስታውሱት ሁሉ የደጋገሙት ስለ ፒራሚዱ ወይም ስለ ንጉሡ አልነበረም፤ ተጎታቾቹ በጭቃ ሲያዙ ከየመንደሩ ወጥተው ይገፉ ስለነበሩት ሰዎች ነው። እንዲያ ሲሉ የተሰማኝን ለመግለጽ ይቸግረኛል። ስማቸው በየትም ያልተጻፈ የአፍሪካ ገበሬዎች ገፍተው ያሻገሯቸው መንገደኞች ወደ አገራቸው ተመልሰው ለሌላ ሰው ነገሩ፤ ያ ሰው ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ በአሜሪካ በረሃ ላይ ለእኛ ነገረን። በዚያ ምሽት ወንበራችንን አጠጋግተን እስከ እኩለ ሌሊት ተጫወትን። ድምፃችንን ግን ዝቅ አድርገን ነበር።

ይህ ዓይነቱ ግንኙነት ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ እየጠበበ መጥቷል። የኮሮና ወረርሽኝ ከመጣ ወዲህ በአርቪ መጓዝ የጀመረው ሰው በጣም ብዙ ነው፤ በ2021 ብቻ ከ600,000 በላይ አርቪዎች ከሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች ወጥተዋል። በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ያሉ ብዙ ካምፖች በኢንተርኔት የሚያዙት ከ6 ወር በፊት ሲሆን፣ ተፈላጊዎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃሉ። ሰዎችም የክረምቱን ጉዞ በሙሉ ቀን ለቀን አስቀድመው ስለሚያስሩ፣ ጎረቤት ወድደው አንድ ቀን ለመጨመር ቢፈልጉ አይችሉም። አዳዲሶቹን ተጓዦች አልወቅስም፤ እኛም አንድ ወቅት አዲስ ነበርን። ሆኖም ከእኛ ምክር የሚጠይቅ ሰው ካለ የምንለው አንድ ነው፦ በሳምንት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ያልታሰሩ ይሁኑላችሁ፣ በቀንም ከ200 ማይል በላይ አትንዱ። ደክሞት በጨለማ የሚደርስ ሰው ለማንም የሚተርፍ ጉልበት የለውም።

መለያየቱ አይቀርም። ስልክ ይለዋወጣሉ፤ አብዛኛው ስልክ ሳይደወልበት ይቀራል፤ ይህን እንደ ክሕደት የሚቆጥሩ አሉ፣ እኔ ግን አልቆጥረውም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ዘመድና ሰፈር ትቶ በመንገድ ላይ ያረጀ ሰው፣ መንዳት ሲያቅተው ማን አለው? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያሳስበኝ ነበርና መልሱን በከፊል ያገኘሁት ቴክሳስ ውስጥ ሊቪንግስተን በምትባል ከተማ ነው። ጆ እና ኬይ ፒተርሰን የተባሉ ባልና ሚስት በ1978 ያቋቋሙት ኤስኬፒስ የተባለ የአርቪ ነዋሪዎች ማኅበር ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚያ ነው። ቋሚ አድራሻ የሌላቸው አባላቱ ደብዳቤያቸው እዚያ ይመጣላቸዋል፤ ማኅበሩም ያሉበት ቦታ ድረስ ይልክላቸዋል። ከግቢው ጎን ግን በዕድሜ ወይም በሕመም ምክንያት ለጊዜው ወይም ለዘለቄታው መጓዝ ያቆሙ ሰዎች የሚረዱበት ማእከል አለ። ልዩነቱ ሰዎቹ ከቤታቸው አለመውጣታቸው ነው፤ የራሳቸው አርቪ እዚያው ይቆማል፣ በለመዱት አልጋ ይተኛሉ፣ ምግብ ይቀርብላቸዋል፣ ወደ ሐኪም የሚያደርሳቸው ሰው አለ፣ ቀን የሚጠብቃቸውም አለ።

ደብዳቤያችንን ለመውሰድ በሄድንበት ጊዜ ባለቤታቸው የመርሳት ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት አገኘን። አርባ ግዛቶችን አብረው ዞረዋል። ባልየው አሁን የልጆቻቸውን ስም ያምታታሉ፤ ጠዋት ሲነሡ ግን ወጥተው ጎማዎቹን በእግራቸው እየመቱ ይዞራሉ፣ ጉዞ እንዳለ ሁሉ። ሚስትየዋ አይከለክሏቸውም። «ዞረው ሲጨርሱ ምን ትያቸዋለሽ?» ብላ ባለቤቴ ብትጠይቃቸው፣ «ዛሬ ነፋስ ስላለ ነገ እንነሣለን እለዋለሁ፤ እሱም ልክ ነሽ ይለኛል» አሉ። ከሰዓት በኋላ ባልየው በማእከሉ ሲጠበቁ እሳቸው እንቅልፍ ይተኛሉ፤ ቀድሞ ይህ አልነበራቸውም።

ማእከሉ ከሚቆምባቸው ምሰሶዎች አንዱ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በራሳቸው አርቪ መጥተው ለሳምንታት እዚያው ሰፍረው ያበስላሉ፣ ያጸዳሉ፣ ሕሙማንን ያመላልሳሉ። ወደ መንገዳችን ከመመለሳችን በፊት ቢሮው ገብተን ቅጹን ሞላን። ባለቤቴ ለወጥ ቤት ተመዘገበች፤ እኔ ደግሞ ነዋሪዎቹን ወደ ሐኪም ለሚያደርሰው መኪና። የመጣው መልስ ለመጪው የካቲት ቦታ እንዳለን ይናገራል፤ የመንጃ ፈቃዴን ቅጂ አስቀድሜ እንድልክም ጠይቀውኛል።